ጉዳዩ፦ አባቴ በሕይወት ሳሉ የገዛ ለቅሷቸው እንዲታይ ስለመጠየቅ

ለክቡር አቶ ዝናው
የመድረክ ትርኢቶች ፈቃድና ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐይቅ

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከሐይቁ ዳር በሚነሣው የጠዋት ነፋስ ታጅቦ ቢሮዎ ድረስ ይድረስልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? በግቢያችን የድንኳን ገመድ ጠልፎ ከጣለዎት ወዲህ ሲያነክሱ ስላየሁዎት ከልቤ አዝኛለሁ። ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ በያሉበት ደኅና እንዲሆኑ ሌት ተቀን እመኛለሁ። እኔ ግን፣ እርስዎን አያሳስብዎትና፣ ደኅና አይደለሁም።

ወይኒቱ አስረስ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሥራ ስጨርስ ደግሞ ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር ቴአትር እንሠራለን። እርስዎ በደንብ ያውቁኛል፤ ይህ ደብዳቤ በየሱቁ ደጃፍ ስለሚለጠፍ ግን የማያውቀኝ መንገደኛ እንዳይቸገር ብዬ ነው ራሴን ያስተዋወቅሁት። አባቴ አቶ አስረስ የቅሬያችን፣ ማለትም ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበራችን፣ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። በዚህ ከተማ ወላጁን የቀበረ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን የጠራለት የእርሳቸው ጥሩምባ ነው።

አባቴ ጥሩምባቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ሰው «እንደምን ዋሉ» አይላቸውም፤ «ማን ሞተ?» ነው የሚላቸው። አንድ ጊዜ ጫፉ ተጣሞ ለማስቀጥቀጥ ይዘውት ሲሄዱ እንኳ ባለሱቆቹ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ መዝጊያቸውን መዝጋት ጀምረው ነበር። ካቻምና ሳንባቸው ታሞ የደሴው ሐኪም ከእንግዲህ መንፋት ይቅርብዎት ሲላቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወይንዬ፣ ዕድሜ ልኬን በዚች ጥሩምባ ሰው ሳስለቅስ ኖሬ፣ አንዴ እንኳ ሰው ሲስቅባት ሳልሰማ ልሙት?» አሉኝ። ቴአትሩን የጻፍኩት ለዚህ ነው እንጂ፣ ጽሕፈት ቤትዎ እንደጠረጠረው፣ ሌላ ድብቅ ዓላማ የለኝም።

ቴአትሩ በዘፈን የሚሄድ ኮሜዲ ነው። አንድ አባት ይሞቱና ቤተሰቡ ለቀብር ይሰበሰባል። ትልቁ ልጅ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው እርሱ መሆኑ እንዲታወቅለት በዘፈን ይሟገታል፤ ምራቲቱ ድንኳን ውስጥ የት እንደምትቀመጥ በዘፈን ትጣላለች፤ ከወልድያ የመጣው አጎት ባጃጁ ተሳስቶ የማያውቀው ሰው ለቅሶ ቤት ስለሚያወርደው፣ እዚያ አልቅሶ፣ በልቶና ተጽናንቶ ከጨረሰ በኋላ ይደርሳል። ሟቹ ጋቢ ተከናንበው ይህን ሁሉ ይሰማሉ። በመጨረሻ ብድግ ብለው ጥሩምባቸውን ያነሡና የልጆቻቸውን ሞት ለመንደሩ ይነፋሉ። ሟቹን የሚጫወቱት አባቴ ናቸው። ሥራቸው መተኛትና አንዴ መንፋት ብቻ ስለሆነ፣ ለዚያች አንድ ንፊያ ትንፋሻቸውን ያጠራቅማሉ፤ ዳገት አይወጡም፣ ጎረቤት አይጣሩም፣ ሲናደዱ እንኳ ዝም ይላሉ።

እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ እስካሁን ላደረገልን ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ፤ ይህኛው ፈቃድ እንኳ እንደማይዘገይ ተስፋ አደርጋለሁ።

፩. «በለቅሶ አይሳቅም፤ ሠርግ አድርጋችሁ አሻሽሉት» የሚለው የመጀመሪያ መልስዎ ስለ ደረሰን እናመሰግናለን። እዚሁ ተወልደው አድገው፣ ድንኳን ጥግ ተቀምጦ ሳቁን በነጠላው የሚያፍን ሰው አንድ ቀን አለማየትዎ የዓይንዎን ንጽሕና ይመሰክራል። ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ብዬ አባ ኃይለ መስቀልን ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። እርሳቸው በየለቅሶው ያዩትን ይነግሩኝ ጀመርና ራሳቸው ስቀው ስቀው፣ በመጨረሻ ከፊት ወንበር እንድይዝላቸው አደራ ብለውኛል።

፪. ሟቹ እንዲወጡና በምትካቸው «በጠና ታሞ የሚድን ሰው» እንዲገባ ስላዘዙን እናመሰግናለን። ቀብር ከሌለ ቤተሰቡ ለምን ይሰበሰባል ብለን ብንጠይቅ «ለልማት» ተብሎ ተጽፎልናል። በጠና ታሞ የሚድን ሰው ቢኖርዎ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ለቴአትሩ ሳይሆን ለቤቴ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

፫. ሙሾ የምታወርደዋ ዙለይሃ ሙስሊም ሆና ለክርስቲያን ሟች ለምን እንደምታለቅስ በጽሑፍ እንድናስረዳ ስለጠየቁን እናመሰግናለን። ዙለይሃ አጥራችን አጥሯ የሆነች ጎረቤታችን ናት። እናቴ የሞተች ጊዜ ያስለቀሰችን እርሷ ናት፤ የእርሷ እናት ስትሞት ደግሞ የነፉት አባቴ ናቸው። ጥያቄዎን ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ «ወላሂ፣ እኔ አፈርኩላቸው» አለች። በጽሑፍ ማስረዳት የቻልነው ይህን ያህል ነው።

፬. የአምባሰል ቅኝት «ተመልካችን ስለሚያሳዝን» በሌላ እንዲተካ ኮሚቴዎ ወስኗል። አምባሰል ተራራ ሥር ተቀምጦ አምባሰልን የሚከለክል ኮሚቴ ለማየት ስላበቃን ምስጋናችን የላቀ ነው። በአንደኛው ደብዳቤ ሥራችን ስለሚያስቅ ተመልሶ፣ በአራተኛው ስለሚያሳዝን ስለተመለሰ፣ የማያስቅም የማያሳዝንም ነገር ካገኘን እናመጣለን። እስካሁን ያገኘነው የጽሕፈት ቤትዎን የስብሰባ አዳራሽ ብቻ ነው።

፭. ይህኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። የቅሬያችን ሰብሳቢ አቶ ሙሐዲን ለልምምዳችን አልቃሽ የሚሆን ሕዝብ እንዲልኩልን ለምነናቸው «አብሽሩ፣ እልካለሁ» ብለውን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ተዋንያኑ የሐዘን ልብሳቸውን ለብሰው ግቢያችን ሲለማመዱ፣ እኔ ክር ልገዛ በወጣሁበት አባቴ «እስቲ ትንፋሼን ልሞክራት» ብለው ጥሩምባውን አንሥተው ነፉ። ከዚያም ደክሟቸው ገብተው ተኙ።

የከተማው ጥሩምባ ነፊ ታሞ መተኛቱን ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ጥሩምባው ከእርሱ ግቢ ሲሰማ ሰው ምን ይበል? «አስረስ ሞቱ» አለ። ሐይቁ ላይ የነበረው መረቡን ጥሎ፣ ሚኒባስ የተሳፈረው ወርዶ፣ ቅሬው ድንኳኑን ተሸክሞ ግቢያችንን ሞሉት። ተዋንያኑ ደግሞ አቶ ሙሐዲን የላኩልን ሰዎች መጡ ብለው፣ እንዴት ያሉ ጎበዝ አልቃሾች ናቸው እያሉ በልባቸው እየተደነቁ፣ ላለመበለጥ ይባስ ብለው አለቀሱ። ዙለይሃ ሙሾዋን አወረደች። ሕዝቡ እነርሱን እያየ፣ እነርሱ ሕዝቡን እያዩ ልቅሶው ሰማይ ደረሰ። እኔ ስመለስ የባጃጅ ሹፌሩ «እግዜር ያጥናሽ» አለኝና የገዛሁትን ክር መንገድ ላይ በትኜ ሮጥኩ። ከገበያው እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ አባት የሌላት ሰው ሆኜ ነው የሮጥኩት። ያን መንገድ ስለማውቀው ነው ዛሬ እንዲህ የምለምንዎት።

ወደ ቤት ልገባ ስል አልቃሾቹ ይዘው ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጡኝ። እርስዎም መጡልን። ኮትዎን አስተካክለው ከድንኳኑ መሐል ቆሙና ንግግር አደረጉ። «እኒህ ሰው የከተማችን የባህል ባለውለታ ነበሩ» አሉ። «በሕይወት ሳሉ ልናከብራቸው ሲገባ ሳናከብራቸው ቀረን» አሉ። «አንዲት ቀን ተመልሰው ቢሰጡን ኖሮ፣ ያልጠየቁትን እንኳ እናደርግላቸው ነበር» ብለው መሐረብዎን አወጡ። እኔ ራሴ፣ አራት ደብዳቤ የመለሱብኝ ሰው መሆንዎን ረስቼ፣ እጅዎን ይዤ አለቀስኩ። በዚህ መሐል አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው በራፉ ላይ ብቅ አሉና «አብሽር ዝናው ልጄ፣ አምሮልሃል፣ ቀጥል» አሉ።

ከዚያ የሆነውን ወገብዎ ያውቀዋል። ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ አጥር ዘለለ፣ እርስዎ ገመዱ ላይ ወደቁ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ግን አንድም የሳቀ አልነበረም። እኔ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ስንሰቀሰቅ አባቴ ባዶውን ግቢ እያዩ «ዛሬም አስደነገጥኳቸው» አሉ። ጥሩምባውን ጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ «ሕዝብን በማደናገር» ቴአትሩን አገደ። ሕዝቡ ግን ከድንጋጤው ሲመለስ እየተጠራራ መጥቶ «መቼ ነው የምታሳዩን?» ነው ያለን። ስለዚህ የታገደው የእኛ ቀልድ አይመስለኝም። የታገደው በሕይወት ያለ ሰው የሰማው የእርስዎ ንግግር ነው።

፮. ስድስተኛም ነበረኝ። አባቴ ሲያስሉ ሰምቼ ስነሣ ጠፋብኝ፤ ለእርስዎ ስል እንደማስታውሰው ተስፋ አደርጋለሁ።

ክቡር አቶ ዝናው፣ ከዚህ በኋላ ማላገጡ ይበቃኛል፤ አቅሙም የለኝም። አባቴ እየደከሙ ነው። ከትናንት ወዲያ ሻያቸውን እፍ ብለው ማብረድ አቅቷቸው እኔ አበረድኩላቸው፤ ያቺ ለጥሩምባው ያጠራቀሟት ትንፋሽ ለሻይም አልበቃች። ጠዋት ጠዋት «ዝናው ፈቀደ?» ይሉኛል። ስብሰባ ላይ ናቸው እላለሁ። «ምስኪን፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ብለው ለእርስዎ ያዝናሉ። እኔ ማድ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ፈርቻለሁ፤ ሌላ ምን እንደምልዎ አላውቅም።

ስለዚህ ይህን ወስነናል። አቶ ሙሐዲን «ለቅሬ ድንኳን ፈቃድ ጠይቀን አናውቅም፣ አሁንም አንጠይቅም» ብለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን ድንኳን ይተከላል፤ ሕዝቡ ሟቹ በሕይወት መኖራቸውን አውቆ፣ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ይመጣል። መንፋቱ ካቃታቸው ጥሩምባውን እኔ አፋቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ፤ ድምፁ ቢያንስም ሳቁ ይበቃቸዋል። እርስዎን የምለምንዎ ጥበቃ እንዳይልኩብን ነው። ከቻሉ ደግሞ ራስዎ ይምጡልን፤ ንግግርዎን አንድ ቃል ሳንቀንስ ቴአትሩ ውስጥ አስገብተነዋል፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚያቀርበው ተዋናይም አላገኘንም። ያልጠየቁትን እንኳ እናደርግላቸው ነበር ብለው ነበር። የጠየቁትን ብቻ ያድርጉላቸው።

ለዘወትር ትጋትዎ፣ ለማያልቀው ስብሰባዎና ለሕያዋን ለሚያሳዩት ጥንቃቄ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ በደጅዎ ቆማ ያረጀችው፣ መርፌዋን ሰክታ ይህን የጻፈችው፣ እስከ ቅዳሜ ትሑት አገልጋይዎ፣

ወይኒቱ አስረስ

ማስታወሻ፦ ከቅዳሜ በፊት ጥሩምባ ከሰሙ የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ቴአትርም አይደለም። እንደ ደንቡ ይመጣሉ፤ ድንኳኑ ለማንም ክፍት ነው፤ ገመዱንም ከፍ አድርጌ እይዝልዎታለሁ። ንግግር ለማዘጋጀት ግን እንዳይደክሙ። አባቴ አንዴ ሰምተውታል፤ በራፉ ላይ ቆመው ነው የሰሙት። አምነውዎትም ነበር።