በሠርጉ ግጥም ውስጥ ያስገባሁት የፒር አበባ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለቦዌን፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ብርዱስ እንዴት አለፈልህ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ? እማዬ የሰፋችልህ ወፍራም ጫማስ ደረሰህ ወይስ መንገድ ላይ ቀረ? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ጓደኞችህ፣ ፈረስህ እንኳ ሳይቀር ደህና ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ደህና ናት ብዬ ጻፍኩ እንጂ፣ ያንተን ወረቀት ካየን አሥራ አራት ወር ሆኖናልና እንዴት እንደምትሆን አንተው ታውቃታለህ። አንተ ከምታገለግልበት ምሽግ መልእክተኛ መጣ በተባለ ቁጥር ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ትወጣለች።

ዛሬ የሱዪን ሠርግ ነው። ይህን የምጽፍልህ በጧቱ ነው፤ ሙሽራው የሚመጣው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሴቶቹ ጓዳ ገብተው የእህታችንን ጠጉር እየሠሩ ይሳሳቃሉ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ ወረቀቱ ላይ የምታየው የቀለም ነጠብጣብ ሁሉ ከፍርሃት የመጣ ነው። ጥፋቱ የኔው ስለሆነ እዚህ ላለ ሰው መናገር አልቻልኩም፣ ለአንተ ልተንፍሰው።

ሙሽራው ፋንግ ነው፣ የማዶው ጀልበኛ ልጅ። ያኔ መቅዘፊያህን ሰብሮ ሦስት ቀን የተደበቀብህ ልጅ እሱ ነው። አሁን ትከሻው በር አያስገባውም። ልቡ ንጹሕ ነው፣ ፊደል ግን አልቆጠረም። ከሃያ ቀን በፊት ሁለት ትልልቅ ዓሣ አንጠልጥሎ መጣና፣ «መምህር፣ አድነኝ! ደጃችሁ ቆሜ ሙሽሪትን በግጥም ካላስወጣኋት አክስትህ በዱላ ትጨርሰኛለች» አለኝ። ሙሽራን መደብደብ እኮ የሠርግ ጨዋታ ነው ብዬ ላረጋጋው ብሞክር፣ «ያንተ አክስት ጨዋታ አታውቅም፣ የምሯን ነው የምትመታው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አክስታችን ሜይን ታውቃታለህ።

እንግዲህ ሙሽራ ሁሉ በዚያች ሰዓት የሚለው ያው የኮክ አበባ ነው። በሦስቱ መንደር የኮክ አበባ ያልተባለች ሙሽራ የለችም። አምና ያገባችው የወፍጮ ቤቷ ባልቴት እንኳ፣ ስድስት ልጆቿ ተደርድረው እያዩዋት፣ «ገና የፈነዳሽ የኮክ አበባ» ተብላለች። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ አይደል፣ ኮክ ሰለቸኝ። ለእህቴ አዲስ ነገር ይገባታል ብዬ ተኮፈስኩና፣ ሊ የምንለውን የፒርን ነጭ አበባ መርጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

የፒር አበባ ሆይ፣ ንጋት ካንቺ ነው የሚጀምረው፤
ማበጠሪያውን አስቀምጪ፣ ጀልባውም መቆም መረረው።

ከሁለት ሳምንት በላይ በራሴ ስኮራ ከረምኩ። ፋንግም ቃል በቃል እያስደገምኩት ያዘው።

ከትናንት ወዲያ እማዬ የሱዪንን ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ሳለ፣ እስቲ ግጥሙን አሰማኝ አለችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ አሰማኋት። መርፌው እጇ ላይ ቆመ። «ሊ ነው ያልከው?» አለችኝ። አዎ፣ ፒር ነው ያልኩት አልኳት። «እኔ ማንበብ አልችልም። እኔ የሰማሁት መለየት ነው» አለች። ወንድም ጋሼ፣ ያን ጊዜ ስህተቴ ገባኝ። ፒርም ሊ ነው፣ መለየትም ሊ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲጻፉ አይገናኙም፣ ከአፍ ሲወጡ ግን አንድ ናቸው። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምር እኔ ነኝ! ግጥሙን በዓይኔ ጻፍኩት፣ እማዬ ደግሞ በጆሮዋ ሰማችው። ሠርግ ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ የሚሰማው በጆሮው ነው።

«አንተ ልጅ፣ ማንን እያሰብክ ነው የጻፍከው?» አለችኝ። ያን ቀን ያሰብኩት ሱዪንን እንዳልነበር ለአንተ አልደብቅህም። እማዬም ሳልነግራት ገባት። «አንዱን ልጄን ሊ ወስዶብኛል። ሁለተኛዋን በሊ አልድርም። ያ ቃል በግቢዬ ከተነገረ በሩን አልከፍትም» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እማዬ አልከፍትም ካለች እንደማትከፍት ታውቃለህ። በሩ ሳይከፈት ጀንበር ከጠለቀች ደግሞ የሙሽራው ወገን ይመለሳል፣ ጋብቻውም ይፈርሳል፤ ሱዪን ደጇ ላይ ሙሽራ የተመለሰባት ተብላ ትቀራለች። ሱዪን ይህን ሁሉ አታውቅም። ልነግራት ሄጄ፣ ስትስቅ ሰምቼ ተመለስኩ።

ትናንት ወንዝ ወርጄ ፋንግን ያዝኩት። ፒር የሚለውን አውጥተህ ኮክ በል ብዬ ለመንኩት። «ሃያ ቀን እየቀዘፍኩ ያጠናሁትን? አንድ ቀዘፋ፣ አንድ ቃል እያልኩ? አንዷን ስትነካብኝ ክንዴም ይጠፋዋል!» ብሎ ጮኸብኝ። ቢሆንም ሞከረ። «የኮክ… የፒር… የኮክ ፒር አበባ ሆይ…» ሲል ጀልባው ላይ የተሳፈሩት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። እኔ አልሳቅኩም። ስለየው ሁለቱም አበቦች አፉ ውስጥ ተደባልቀው ነበር። ዛሬ የትኛው እንደሚወጣ አላውቅም። አክስታችን እየጠራችኝ ነው፣ ልሂድ።

ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ያለውን ከጻፍኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የሆነውን ልንገርህ።

ፋንግ በሰዓቱ መጣ። ላቡ አዲሱን ልብሱን አርሶት ነበር። አክስታችን ሜይና ጎረቤቶቹ ዱላቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ቆሙ። እማዬ ከውስጥ የበሩን መወርወሪያ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ሱዪን ከኋላዋ ፊቷን በማራገቢያ ሸፍና ቆማለች። እኔ በመስኮቱ በኩል ሁሉንም አያለሁ። ፋንግ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ደግሞ ከፈተ። «ግጠም እንጂ፣ አንተ መቅዘፊያ!» አለችው አክስታችን። ጀንበሯ ከወንዙ ማዶ ካሉት ዛፎች ሥር ገብታ ነበር።

በመጨረሻ፣ «ሱዪን፣ አበባው ጠፋኝ» አለ። «የጻፈልኝ ወንድምሽ ጆንግዪ ነበር፣ ጠፋኝ። ቤታችን ይኸው ማዶ ነው። እናትሽ ከዚህ ዳር ቆመው ቢጣሩ ትሰሚያለሽ። አንቺ ባትሰሚ እኔ ጀልባ ላይ ነኝ፣ እሰማለሁ፣ ያኔውኑ አመጣሻለሁ። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

የመወርወሪያው እንጨት ሲወድቅ ሰማሁ። እማዬ በሩን በገዛ እጇ ከፈተችው። አክስታችን ሜይ ግን፣ «አሁን ይሄ ግጥም ነው?» ብላ ለወጉ ያህል አንድ ጊዜ ጀርባውን አቀመሰችው። የምሯን ነበር። እኔ ጥግ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከድንጋጤው ይሁን ከእፍረቱ አላውቅም። ከእንግዲህ ግጥም ጻፍልኝ የሚል ቢመጣ ኮክ ብዬ እጽፋለሁ።

አክስታችን ሜይ ሰላም ትልሃለች፤ ዱላዋ አሁንም እንዳልተሰበረ ጻፍለት ብላኛለች። ሱዪን ጉንጭህን ትስማለች፤ አንተ የሌለህበትን ሠርግ አልበላም ብላ የዓሣውን ጭንቅላት ሳትነካ ድርሻህ ነው ብላ ለይታ አስቀመጠችልህ። ፋንግ እጅ ይነሣሃል፤ ስለ መቅዘፊያው ይቅርታህን ይጠይቃል።

እማዬን ምን ብዬ ሰላምታሽን ልጻፍለት ብላት አልመለሰችልኝም። ተነሥታ ወደ ወንዙ ወረደች፣ ተከተልኳት። «ሱዪን!» ብላ ተጣራች። ከማዶ፣ «አቤት፣ እማዬ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ምዕራብ፣ አንተ ወዳለህበት አዞረችና በዚያው ድምፅ «ቦዌን!» አለች። ጠበቀች። እኔም አብሬያት ጠበቅኩ። ወንድም ጋሼ፣ አንድ መስመር እንኳ ቢሆን፣ አቤት በላት።

ታናሽ ወንድምህ ጆንግዪ

ከቺንግሻ መንደር፣ ከሉዎ ወንዝ ዳር
በፈረስ ዓመት፣ በሦስተኛው ወር፣ በሃያ አንደኛው ቀን