የፈረሱ ታፔላ

ሰኞ፣ ኅዳር 3
የፈረሱን አንገት ስሞርድ ዋልኩ። አፍንጫዬ ሰጋቱራ ብቻ ነው። ጭንቅላቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ግድግዳ ሰብሮ የወጣ እንዲመስል ነው የለፋሁት። ከሥሩ የሱቁ ስም ይሰቀላል፤ «ፈረስ»። ቦርሳና ቀበቶ ነው የሚሸጡት።
ፊደሎቹን ከወፍራም እንጨት ፈለፈልኳቸው። «ስ» ብቻ አስቸገረችኝ። አናቷ ላይ ያለችው ጭረት ጋ እንጨቱ ስለሚሰነጠቅ ጭረቷን ለብቻዋ ቀረጽኳት። ሲሰቀል ከጎን ተንሸራታ ትገባለች። ያለሷ «ሰ» ነው የሚሆነው።
አጎቴ ገብቶ አየ። «ያምራል» አለ። በዚህ በእሱ ወርክሾፕ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ምን አስቦ ይሆን?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ያሰበውን አወቅሁ።
ባለሱቁ መጣ። ፈረሱን ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ «የማን እጅ ነው?» አለ። አጎቴ የወንድ ልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «የዚህ ነው። ከእኔ ወርሶ።»
እኔስ? «የወንድሜ ልጅ ናት። ትጠርጋለች፣ ዕቃ ታቀብላለች።»
ቅርጻ ቅርጽ ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ... ታቀብላለች።
የአጎቴ ልጅ ትንሽ እንኳ አላፈረም። «ያው ስንለፋበት ከረምን» አለ። ስንለፋበት? መሮ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። ለብቻችን ስንሆን ደግሞ፣ «ምን ያስኮርፍሻል? ሴት ሠራችው ቢባል ማን ያምናል? አንቺ ሌላ ትሠሪያለሽ።»
እናቴ ጋ ሄድኩ። «ያሳደገሽ ሰው ነው። ዋጥ አድርጊው» አለች። ስውጥ አይደል ያደግኩት?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8
ጠዋት ጫኑት። እኔ እንዳልሄድ ተነገረኝ። «ወርክሾፑን ጠብቂ።»
መኪናው ሲነሳ ጭረቷን ጠረጴዛው ላይ አየኋት። ፍቅፋቂ መስላቸው ትተዋታል። በሩ ላይ ነበርኩ። ብጠራቸው ይሰሙኛል... አልጠራሁም።
ኪሴ ከትቻት በእግሬ ሄድኩ። ዝግ ብዬ።
ስደርስ ተሰቅሏል። ሸራው ተገለጠ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ አንጋጠጠ። ፈረሴ ያምር ነበር። ከዚያ አንዱ ጮክ ብሎ አነበበ። «ፈረሰ።»
«ሳይከፈት?» አለ ሌላው። ሳቁ መንገዱን ተሻገረ።
ባለሱቁ አመድ መሰለ። የአጎቴን ልጅ፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለው።
«እ... ስታይሉ ነው።»
ጭረቷን አውጥቼ ሰጠሁት። «ረስተሃት ነው። ግጠማት። አንተ አይደለህ የሠራኸው?»
አጎቴ ጥርሱን ነክሶ፣ «አንቺ ልጅ...» አለኝ።
ልጁ መሰላሉ ላይ ወጣ። ገለበጣት። አዞራት። በሚስማር ሊመታት ሲል ሚስማሩ ወደቀበት። ቁልቁል አየኝ። ዓይኑ ይለምነኝ ነበር። «ከጎን» ብለው ያልቃል። አንድ ቃል። አላልኩም። ከታች «ፈረሰ፣ አይዞህ» ይሉታል። ማልቀስ ሲጀምር ነው ባለሱቁ «ውረድ» ያለው።
ያኔ እኔ መሰላሉን ወጣሁ። ገፋ ሳደርጋት ገባች። ማንም አላጨበጨበም።

እሑድ፣ ኅዳር 9
አጎቴ ልብሴን ደጅ አወጣው። «ልጄን አዋረድሽው። ስሙን አጠፋሽው።»
«ጋሼ፣ አንተስ የእኔን?»
«አንቺ ደግሞ ምን ስም አለሽ?»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29
የተከራየሁት ጋራዥ ጣሪያው ያፈሳል። እንጨቱን ሸራ አለበስኩት።
የአጎቴ ልጅ ከቤት አይወጣም አሉ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ «ፈረሰ» ነው የሚሉት። እናቴ ስልኬን አታነሳም። ማዘን ነበረብኝ? አንዳንዴ ያቺን አንድ ቃል አስባታለሁ። ብዬው ቢሆን... አይ። ዛሬም አልልም።
ከሰዓት በሱቁ በኩል አለፍኩ። አንዲት ገዢ ወደ ፈረሱ አንጋጣ ዘበኛውን፣ «ማን ነው የሠራው?» ትለዋለች። እኔን አላየኝም።
«አንዲት ክፉ ሴት ናት የሠራችው» አላት።
ክፉ። ሴት። የሠራችው።
ዞር ብዬ አላረምኩትም።