በፓይታ ወደብ የባሕሩን ሙቀት ሲለኩ የኖሩት የወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ኬሬባሉ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ኬሬባሉ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ሳንቶስ ኬሬባሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሱንታ ያርሌኬ፣ በፔሩ ሰሜናዊ ጠረፍ ፓራቺኬ በተባለች መንደር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 1948 ተወለዱ።

ፊደል የቆጠሩት በመንደራቸው ሲሆን ሁለተኛ ደረጃን ፒዩራ ከተማ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው አጠናቀቁ። በ1969 በፓይታ ወደብ ተቀጥረው፣ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ወደ ባሕሩ እያወረዱ የውሃውን ሙቀት ሲለኩ እስከ ጡረታቸው አገለገሉ።

በ1971 ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ኢሲዶሮ ፓንታ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ሦስት ልጆች አፈሩ። አቶ ኢሲዶሮ በየድግሱ፣ «እኔን ሲያተኩሰኝ ግንባሬን ዳሰስ አድርጋ ታልፋለች፤ ለባሕሩ ግን ቴርሞሜትር ይዛ ትወርዳለች» ሲሉ፣ እሳቸው «ባሕሩ እንዳንተ አያቃስትማ፤ ካልለኩት በምን ይታወቃል?» ይሏቸው ነበር።

ለልጆቻቸው ደጋግመው ያስረዱት ነገር ነበር። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሲበረታ ሞቃቱን ውሃ ወደ እስያ ይገፋዋል፤ እኛ ጋ ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል፣ ዓሣው ይበዛል፣ ምድሩ በረሃ ይሆናል። ነፋሱ ሲደክም ሙቀቱ ይመለሳል፣ ዝናብም ያመጣል። በገና ሰሞን ስለሚመጣ አያቶቻችን «ሕፃኑ» ብለውታል። «እኛ ጋ ሲዘንብ ማዶ ይደርቃል፤ አፍሪካ ድረስ ክረምት የሚቀርበት አገር አለ። ዝናብ ላይ ስትጨፍሩ እነሱንም አስቡ» ይሉ ነበር።

በ2015 የውቅያኖሱ መሃል ክፉኛ መሞቁን ሰምተው፣ ጎርፍ ይመጣል ብለው፣ በሰፈራቸው ባለው ደረቅ ወንዝ ዳር አብረዋቸው የሚኖሩትን ጎረቤቶች ወደ ኮረብታው አስወጡ። ዝናቡ ግን ሳይመጣ ቀረ። ገበያ ሲወጡ «እትዬ ኤርሜሊንዳ፣ ዛሬስ ጃንጥላ እንያዝ?» የሚሏቸው በዙ። ማዘናቸውን ያወቁት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

በ2017 መጀመሪያ ማንም ሳይጠብቀው የእኛው ጠረፍ ባሕር ሞቀ። ወይዘሮዋ ከቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ጠይቀው አረጋገጡና ለመውጣት ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁ። አቶ ኢሲዶሮ «እንደገና ሊስቁብሽ?» አሏቸው። እሳቸው ግን ወጥተው ቤት ለቤት ዞሩ። ዓሣ ሻጯ ወይዘሮ ቤልሚራ ከደጃቸው ሳይነሱ፣ «ዘንድሮም ልታስወጪን ነው? ያኔ ዕቃ ስሸከም የተቀጨ ወገቤ አልዳነም እኮ» አሏቸው።

«ሳይዘንብ ይቅርና ዕድሜ ልክሽን ሳቂብኝ። ዛሬ ግን ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።»

ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ አቶ ኢሲዶሮ በእጃቸው የሠሩትን ቤት ጨምሮ ሰፈሩን ጠርጎ ወሰደው። የጠፋ ነፍስ ግን አልነበረም።

በዚያው ዓመት የጎርፉ ውሃ ተኝቶበት የሴቹራ በረሃ ሐይቅ ሆነ። አቶ ኢሲዶሮ ጀልባቸውን በመኪና አስጭነው ወስደው ባለቤታቸውን በአሸዋው መሃል ቀዘፉላቸው። ወይዘሮዋ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው «ይሄስ ለብ ያለ ነው» ሲሉ፣ ባለቤታቸው «ዛሬን እንኳ ተይው» ማለታቸውን እያነሱ እስከ መጨረሻው ይስቁ ነበር።

ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በሰኔ 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል። አስከሬናቸውን ወደ መቃብር የሚሸከሙት የወንዙ ዳር ሰዎች ናቸው፤ ይህንን ቤተሰቡን የለመኑት ወይዘሮ ቤልሚራ፣ «እኔም አንዱን ጥግ እይዛለሁ» ብለዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ አቶ ኢሲዶሮንም ያጽናናልን።