ቁሓ ድረስ ከኋላሽ

ትብለጽ፣ ዓይነይ፣

ከመይ አለሽ? ከደሴ ይዤው የመጣሁት አፍ ዛሬም በትግርኛ አልተቃናም፤ ብትሰሚኝ ትስቂብኝ ነበር። ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ልጃችን ሳባ ቃላሚኖ ትምህርት ቤት አዳሪ ሆና ትማራለች። ሩጫ አትወድም፤ አውቶቡስ ካላመለጣት በቀር አትሮጥም። ሜዳሊያዎችሽን ግን ከቁም ሳጥን አውጥታ ልብስ ስፌት ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላቸዋለች። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ስላንቺ ይጠይቀኛል፣ እኔም መለካቱን ትቼ አወራለሁ።

ለማንም የማላወራው ግን አንድ ነገር ነበር። ሳባ ስትወለድ ሩጫውን ተይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ገና የአገር ሻምፒዮን መሆንሽ ነበር። ልጅ አለን፣ ሰው ምን ይላል፣ እግርሽንም ያምሻል እያልኩ ምክንያት ደረደርኩ። አልተከራከርሽኝም። የመሮጫ ጫማሽን አጥበሽ፣ በጋዜጣ ጠቅልለሽ አልጋ ስር ከተትሽው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሩጫ አላነሳሽም። እኔ ደግሞ ረስታዋለች ብዬ ደስ አለኝ።

የከተማው ሩጫ በሰማዕታቱ ሐውልት፣ በሓወልቲ በኩል ባለፈበት ቀን ከሰው መሀል አየሁሽ። ሳባን አዝለሻል። ሌላው ሁሉ ያጨበጭባል፤ አንቺ ከንፈርሽን ነክሰሽ ታለቅሻለሽ። እንዳየሁሽ ሳታውቂ ተመልሼ ሄድኩ።

እራት ላይ ጫማውን አውጥቼ ፊትሽ አስቀመጥኩትና ከነገ ጀምሮ ልጅቷን እኔ እይዛለሁ አልኩሽ።

«ብቻዬን አልሮጥም» አልሽኝ። «ትከተለኛለህ።»

የጎረቤት ብስክሌት ተዋስኩ። ሳባን ከፊቴ አስቀምጬ ጠዋት ጠዋት ከከተማ ወጥተን ቁሓ ድረስ ከኋላሽ ነዳሁ። ዳገቱ ላይ ወርጄ ስገፋ ትርቂኛለሽ፤ ከዚያ ዞር ብለሽ «ኣጆኻ» እያልሽ ታበረታቺኛለሽ። ሳባ ቁሓ አጠገብ ካለው ማረፊያ ለሚያርፈው አውሮፕላን እጇን ታውለበልባለች። ከእነዚያ ጠዋቶች የበለጠ ደስታ አላየሁም።

ውጭ አገር ማራቶን ያሸነፍሽ ቀን በሰፈራችን ካፌ ቴሌቪዥን አየሁሽ። ገመዱን በጥሰሽ ወደ ኋላ ዞር አልሽ። ጋዜጠኛው ተፎካካሪዋን እያየች ነው አለ። እኔ ማንን እንደምትፈልጊ አውቄ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ጉልበትሽ እምቢ ካለ በኋላም ሜዳ አልቀረሽም፤ የወሰደሽ ሕመም እስኪጥልሽ ድረስ የሰፈሩን ሴት ልጆች ታሠለጥኚ ነበር። እኔ ግን ለዚያ ሁለት ዓመት ይቅርታ ሳልጠይቅሽ አመለጥሽኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ለሳባ ሁሉንም ነገርኳት። ትቀየመኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እማዬ እንዲህ አልነገረችኝም» አለችኝ። «ጫማዬን ከአልጋ ስር ያወጣልኝ አባትሽ ነው ብላ ነው የነገረችኝ።»

ለልጃችን የእኔን ደጉን ብቻ መርጠሽ አስቀመጥሽልኝ። እኔ ግን ምንም አልመርጥም፤ የሮጥሽውንም፣ ዝም ያልሽውንም፣ እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ ይዤው እኖራለሁ።

ያንቺው ሽመልስ