የኔሰው የበየደው ራዲያተር

ጥር 14
የሩዝ መፈልፈያዬ ሥራ በዝቶበት ዋለ። ከቁሐር ሚካኤል የመጣ ሩዝ ነው። አመሻሽ ላይ መርሰዲሷን አጠብኋት። ከጎንደር እንደ ቁራጭ ብረት ተጭና ከመጣች ሦስት ዓመቷ። አሁን ጥቁር ቀለሟ ፊት ያሳያል... እሑድ ከባለቤቴ ከአምሳል ጋር ጣራ ገዳም እንሄድባታለን።

ጥር 18
አልደረስንም። ሜዳው ላይ ደኅና ነበረች። የገዳሙን ዳገት ስንጀምር የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ከዚያ እንፋሎት... ሞተሩ ተሰንጥቆ ይሆን? ከተሰነጠቀ አለቀላት። ተጎትተን ተመለስን።
ጎረቤቴ የኔሰው ምን እንደሆንን ሊጠይቅ ወጣ። ብረት ሠሪ ነው፤ ራዲያተሩን የበየደልኝ እሱ ነው። ሰው ተሰብስቧል። «ድሮስ ከቀጥቃጭ እጅ ምን ይገኛል» አልሁት።
ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጥር 19
አምሳል አታናግረኝም።

ጥር 20
መካኒኩ እንዳልካቸው መጣ። ሞተሩ ምንም አልሆነም አለ። እፎይ! ከዚያ የራዲያተሩን ፊት በባትሪ አየው። የሩዝ ገለፈት ጥቅጥቅ ብሎበታል፤ ነፋስ የሚያልፍበት የለም። ሲነፋው ግቢው በብናኝ ተሸፈነ። የት እንደማሳድራት ጠየቀኝ። ከመፈልፈያው ጀርባ፣ ገለፈቱ በሚወጣበት በኩል... ማን አቆማት? እኔ።
ብየዳውስ? እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ባሕር ዳርም አላየሁ አለ።

ጥር 21
አስተርእዮ ማርያም። የኔሰውን ቤተ ክርስቲያን አየሁት። ራቅ ብሎ ቆሟል። ምን ብዬ ልጀምር? ሳልጠጋው መጣሁ።

ጥር 22
ቤቱ ሄድሁ። መዶሻውን አላስቀመጠም። ስለ ገለፈቱ፣ ብየዳው ደኅና ስለመሆኑ፣ ሁሉንም ነገርሁት።
«ብየዳው ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮስ፣ አዛናው? ያን ጊዜ ስድቡ ልክ ይሆን ነበር?» አለኝ።
ይህን አላሰብሁትም ነበር። ስለ ብየዳው ሳይሆን ስለ ቃሉ ይቅር በለኝ አልሁት። መዶሻውን አስቀመጠና በርጩማ ሳበልኝ። ሚስቱ ፍሬህይወት ምሳ አቀረበች። ሃያ ዓመት ስንጎራበት እነሱ ቤት በልቼ አላውቅም። አባቴም አልበላም። ለምን? ጠይቄ አላውቅም።
በላሁ።

ጥር 25
ዳገቱን ወጣነው! አራታችንም። መለኪያው ከመሐል ንቅንቅ አላለም። የኔሰው ከጎኔ ሆኖ እሱን ብቻ ሲያይ ነበር፤ አናት ላይ ስንደርስ ሳቀ።
ዛፍ ሥር አምሳል አገልግሉን ፈታች። ፍሬህይወት ፈንጠር ብላ ተቀመጠች። አምሳል ተነሥታ ሄደች፣ አጠገቧ ቁጭ አለች፣ ጠቅልላ አጎረሰቻት።