የወፉ ስም የመንግሥት ምስጢር ነው

ለክቡር ፓክ ዊርያታማ፣
የካራንግዌሩ ከተማ የመረጃ ደህንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ከነሽቦ ቤቱ ለተሰቀለው ዘማሪ ወፍዎም ያማረ ጉሮሮ እመኛለሁ። እኔ በከተማችን የሙያ ትምህርት ቤት ረዳት ነርሶችን የማስተምር ትሪ ሃንዳያኒ ነኝ። ከዚህ በፊት ደጋግሜ ጽፌ መልስ ስላጣሁ፣ መቼም ሥራ በዝቶብዎ ይሆናል ብዬ በማዘን ይህንኛውን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ “ለደህንነታችሁ ሲባል” ብለው የትምህርት ቤቶቻችን ኢሜይል ሁሉ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት መስመር ብቻ እንዲያልፍ ስላዘዙልን ከልብ እናመሰግናለን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የእርስዎን አጥር ግን መነቅነቅ እንኳ አላስፈለገም። እኔ ለጉዳይ መጥቼ ወረፋ በያዝኩበት ዕለት ጸሐፊዎ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና፣ “ፓክ፣ ጌታዬ! የይለፍ ቃሉ የወፉ ስም ነው አይደል? በትልቁ ፊደል ነው በትንሹ?” ብላ ስትጮህ፣ እርስዎም ከቢሮዎ፣ “በትንሹ ነዋ! ወፉ ራሱ ትንሽ አይደል እንዴ!” ብለው ሲመልሱ ወረፋተኛው በሙሉ ሰምቷል። ከጎኔ የቆመች ዓሣ ሻጭ፣ “እኔ እንኳ የጓዳዬን ቁልፍ የት እንደማስቀምጥ እንዲህ አልጮህም” ብላ ሳቀች። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የመንግሥት ምስጢር ነውና።

ሁለተኛ፣ ይኸው ስም ከወፉ ፎቶግራፍ ጋር በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽዎ ላይ ተለጥፎ ስለሚገኝ ሌቦቹ ብዙም አልደከሙም። ኮምፒውተሮችዎ በእነሱ እጅ ገብተው፣ ጸጉር የሚያበቅል ቅባት የሚያሻሽጥ አይፈለጌ መልእክት ለዓለም ሁሉ ሲረጩ ከረሙ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ የሚረጩ አድራሻዎችን እየመዘገቡ የሰውን የኢሜይል ሣጥን የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞችን ሥራ ለማስቆም በተከፈተው ታላቅ የሳይበር ጥቃት ከዘመቱት ኮምፒውተሮች መካከል የእርስዎም ነበሩ። ጠባቂዎቹም የእርስዎን መስመር፣ ከእሱም ጋር የትምህርት ቤቶቻችንን አድራሻ ዘጉት፤ ምን ያድርጉ? እርስዎ ግን ጋዜጠኛ ሰብስበው፣ “የውጭ ጠላት ከባድ ጥቃት ሰነዘረብን፤ እኛም መከትነው” አሉ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ጥንቃቄ ሥልጠና ሰጡን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ሦስተኛ፣ በሰም የሚነደፈውን የባቲክ ጨርቅ የምትነክር እናት ልጅ፣ ተማሪዬ ዌኒንግ፣ ጃፓን አገር በአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ አግኝታ ነበር። እንደምትመጣ እስከ ዓርብ፣ ያውም ከትምህርት ቤቱ አድራሻ በሚላክ ኢሜይል ብቻ፣ ማረጋገጥ ነበረባት። ላክን፤ ተመለሰ። ደግመን ላክን፤ ተመለሰ። እርስዎ ኮምፒውተሮቹን አጽድተው ጠባቂዎቹን አድራሻውን እንዲከፍቱ ቢጠይቁ ይበቃ ነበርና፣ ልጅቷ ደጅዎ ድረስ መጥታ፣ “ፓክ፣ በፈጣሪ ይዤዎታለሁ፣ ቀኑ ሊያልፍብኝ ነው” አለችዎ። እርስዎም፣ “ልጄ፣ ጥቃት የደረሰብን እኛ ነን፤ ማንንም አንለማመጥም። ዕድልሽ ከሆነ ይደርስልሻል” ብለው ሸኟት። ዓርብ አለፈ፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። እናቷ ለጃፓን ብርድ ብላ የገዛችላት ወፍራም ሹራብ በዚህ ሁሉ ሙቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

በመጪው ወር ሌሎች ተማሪዎቼ ያመለክታሉ። ስለዚህ ዝቅ ብዬ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ወይ ኮምፒውተሮቹን ያጽዱልን፣ ወይ ደህንነታችንን መጠበቁን ይተዉልን።

ክብርዎን ከራስዎ በቀር ማንም ሊያጎድለው እንደማይችል በመተማመን፣

የጸጉር ቅባት ማስታወቂያዎ ቋሚ ተቀባይ፣
ትሪ ሃንዳያኒ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ በኢሜይል ብልከው ማሽንዎ “አይፈለጌ መልእክት” ብሎ መለሰልኝ፤ ስለዚህ በርዎ ላይ ለጥፌዋለሁ። እሑድ በተደረገው የወፎች የዝማሬ ውድድር ላይ ያ የመንግሥት ምስጢር በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እኔና ዌኒንግም ነበርን። ወፉ ስሙን እንደሰማ ወዲያው መለሰ። ከጽሕፈት ቤትዎ ተጠርቶ መልስ ሲሰጥ ያየነው እሱን ብቻ ነው።