ማርስ ላይ ሻይ አመላላሹ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሸምሲያ፤ ወረባቦ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እናታችን ዘይነባ፣ እንደምን ከርመዋል? የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ብርድ አልባሰብዎትም? አጎታችን አብዱልመሊክ፣ ዓይንዎ ከታከመ ወዲህ ቁርኣኑን ያለ ችግር ያነቡ ጀመር? ታናሽ እህታችን ሃፍሳ፣ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ጎረቤታችን እማማ አልጋነሽስ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ነኝ።

ሸምሲያ፣ እስከዚህ ያለውን ለሁሉም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ብቻሽን አንብቢው። በስልክ ያልነገርኩሽ እናታችን ከጎንሽ ሆነው ስለሚያዳምጡ ነው።

ስምንተኛ ክፍልን አቋርጠሽ ከደላላው ጋር በባሕር ልትመጪ እንደ ወሰንሽ አጎታችን ለብቻዬ ነገሩኝ። ደላላውም ፎቶግራፌን ከእናታችን ተውሶ በየቤቱ እያዞረ፣ «የዘይነባ ልጅ ሪያድ ገብቶ የፊልም ሰው ሆነ» ይላል አሉኝ። ፎቶግራፉን በሰው እጅ የላክሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው። እውነቱን ልጻፍልሽ።

እዚህ ሱለይማኒያ የምጠብቀው ቤት የጌታው ልጅ ሰዑድ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሰዎች ማርስ ላይ ከተማ ሠርተው ሲኖሩ የሚያሳይ ፊልም ከጓደኞቹ ጋር በግቢው ውስጥ ሠራ። «በዚህ ከተማ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ይኖራል፤ ጀብሪል፣ አንተም አለህበት፣ ያላ!» ሲለኝ የምሆነውን አጣሁ። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ልብስ አለበሱኝ። ፎቶግራፉ የዚያን ዕለት የተነሣ ነው። የከተማይቱ አዛዥ የምሆን መስሎኝ ነበር፤ ይህንን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

በማግስቱ ፊቴን በጭንብል ሸፈኑት። ለካስ የእኔ ድርሻ ለማርስ ሰዎች ሻይ የሚያመላልስ ማሽን መሆን ኖሯል። ስም የለኝም፤ አልናገርም። ወላጆቹ ከደሴ መጥተው እርሱ እዚሁ ሪያድ የተወለደ አብዱረዛቅ የሚባል ልጅ ደግሞ ነበር። እርሱን አረንጓዴ ቀለም ቀብተው ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር አደረጉት። «ወንድሜ፣ አንተ ይሻልሃል፤ ቢያንስ ምድር ላይ ነው የተሠራኸው። እኔ እዚሁ ተወልጄም ከየት መጣህ እባላለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሰዑድ ክፉ ልጅ አይደለም። ፈራ ተባ እያልኩ፣ «በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ አንድ ሐበሻ እንኳ ሐኪም አይሆንም?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና፣ «አንተ እኮ ትሪ ስትይዝ ጠብታ አታፈስም» አለኝ። ማመስገኑ ነበር። ቢሰድበኝ ኖሮ ስድብ ነው ብዬ እተወው ነበር። ሸምሲያ፣ ልቡ ያሻውን ሁሉ ሊያልም በሚችልበት ዓለም፣ በከዋክብት መካከል እንኳ፣ እኔን ያገኘኝ ትሪ ይዤ ነው። ይህን ኑሮ የምችለው ነገ ሌላ ይሆናል እያልኩ ነበር። አሁን እንዲያ ማለት አቃተኝ።

ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለኝ ከግቢው በር ከወጣሁ ስምንት ወር አለፈ። የፖሊስ መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መብራቴን አጥፍቼ እደበቃለሁ። አንቺ ብትመጪ በሌላ ቤት፣ በሌላ በር ይቆለፍብሻል፤ በአንድ ከተማ እየኖርን አንተያይም። ይህም ባሕሩን ከተሻገርሽ ነው። ከእኔ ጋር የተሳፈሩት ሁሉ እንዳልተሻገሩ ለእናታችን ነግሬያቸው አላውቅም።

«ትምህርትሽን ተማሪ፤ ሁሉ ነገር ይለወጣል» ብዬ ላጽናናሽ አልችልም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ነገ የማውቀው የለኝም። ያ ፎቶግራፍ ግን ሐሰት ነው። ከደላላው ተቀብለሽ ቅደጂው።

እናታችንን ጉልበታቸውን ስመሽ፣ አጎታችንን እጅ ነሥተሽ፣ ሃፍሳን ጉንጯን ስመሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማማ አልጋነሽንም እንዳትረሺ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ አዳነ እዚህ ሪያድ ከምጠብቀው ቤት አጠገብ ያለው ቤት ሾፌር ነው፤ ለፈቃድ መጥቶ የሚቆየው ሃያ ቀን ብቻ ነው። ሲመለስ መልስሽን ይዞልኝ ይምጣ። ብዙ አትድከሚ። ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ? እርሱን ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ጀብሪል
ሪያድ፣ ሱለይማኒያ
ጥር 14 ቀን 2007 ዓ.ም.